አማቴና የዕደ ጥበብ ታሪፍ

ሰው ሚስት ከማግባቱ በፊት ዘመዶቿን ያጠያይቃል፣ ጠባይዋን ያጠናል። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆኜ ሳለ የአገሯን የአየር ጠባይ ሳላጠና አገባሁ። ለተማሪዎቼ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ እያልኩ በባለቀለም ጠመኔ ስስል ኖሬ፣ አልማዝን ከድሬዳዋ አምጥቼ እንጦጦ እግር ሥር፣ ሽሮ ሜዳ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳት። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ጉለሌን ሁሉ ከመዞሩ በፊት መጀመሪያ የሚያርፈው እኛ ቤት ነው።

አልማዝ ደግ ናት። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ «ለመድኩት እኮ» ትለኝ ነበር። እኔም ሰው የሚለው ሁሉ እውነት ይመስለኛልና አመንኳት። ችግሩ የመጣው ልጃችን የተወለደች ጊዜ ነው። ማለቴ ከልጅቷ ጋር ሳይሆን ከአያቷ ጋር።

የአልማዝ እናት፣ እማማ ጽጌ፣ አራስ ልጃቸውን ሊንከባከቡ በሐምሌ ጭጋግ ከድሬዳዋ ባቡር ወረዱ። የለበሱት ስስ ሽቲ ነው፣ የተጫሙት ክፍት ሸበጥ ነው፣ በእጃቸው አንድ ቅርጫት ማንጎ ይዘዋል። ቤታችን ገብተው፣ አራሷን ስመው፣ ሕፃኗን አቅፈው፣ ቀጥሎ የተናገሩት ነገር «በሩን ዝጉት» የሚል ነበር። በሩ ዝግ ነበር።

ከሰል እንዳናነድ ያፍናል ብለው ራሳቸው ከለከሉ፤ አራስ ቤት ስለሆነ እውነታቸውን ነው። ጋቢዬን ሰጠኋቸው። ቡልኮዬን ጨመርኩላቸው። ካፖርቴንም ሰጥቼ በሸሚዝ ቀረሁ። እሳቸው ግን ከዚያ ሁሉ ልብስ ሥር ሆነው ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ጥቂት ቀን ታገሱና አንድ ማለዳ ጠርተው አስቀመጡኝ።

«ስማኝ ልጄ» አሉኝ። «አንተ ጨዋ ሰው ነህ፤ ቤትህ ግን ሰው አይኖርበትም። እስከ ክርስትናው እጠብቅሃለሁ። ይሄ ቤት ካልሞቀ ልጄንና የልጅ ልጄን ይዤ ድሬዳዋ እገባለሁ። አንተ በእረፍትህ እየመጣህ ታያቸዋለህ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። አልማዝን አየኋት፤ አልማዝ መሬት መሬቱን አየች። ከእናቷ ንግግር ይልቅ ይህ አስደነገጠኝ። ደግነቱ ልጃችን ሴት ስለሆነች ክርስትናዋ በሰማንያ ቀን ነው። ወንድ ብትሆን ኖሮ ግማሹን ጊዜ ገና ሳልጀምር አጥቼው ነበር።

ያን ሰሞን በትምህርት ቤታችን ፊዚክስ ያስተምር የነበረ አንድ ቡልጋሪያዊ ኮንትራቱን ጨርሶ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። ባልደረቦቼ ቴፑንና ሻንጣውን ሲሻሙ እኔ ከጥግ አንድ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አየሁ። ሁለት ሽቦ የተጠመጠመባቸው ዘንጎች አሉት፣ ከኋላቸው እንደ መስተዋት የሚያበራ ቆርቆሮ አለ። ቡልጋሪያዊው እኔ ስገዛው ተገርሞ አየኝ። አፍሪካ ሲመጣ ያመጣው ብቸኛ የማይረባ ዕቃ መስሎት ነበር መሰለኝ፤ ሽሮ ሜዳን አያውቃትም።

ቤት አምጥቼ ሰካሁት። ዘንጎቹ ገና መቅላት ሲጀምሩ ከግቢው ሁሉ ጩኸት ተነሣ። ግቢያችን ከትርፍ ቤት አዋጁ በፊት የአንድ ባለቤት ስለነበረ አራት ቤተሰብ የምንጠቀመው በአንድ ቆጣሪ ነው። ማሞቂያው ሲሰካ የየቤቱ አምፖል ፍም መሰለ። የእትዬ ብርቄ የሸክላ ማጫወቻ እየተጎተተ ሄዶ ሴቷ ዘፋኝ ወንድ ሆነች። እትዬ ብርቄ ደግሞ የግቢያችን የመብራት ሂሳብ ሰብሳቢ ናት፤ ያስኮረፏት ዕለት መጥቶ መብራት የሚነቅል ሌላ ሰው አያስፈልግም።

ሂሳቡን የምንካፈለው በአምፖል ቁጥር ነበር። እትዬ ብርቄ በየወሩ ከቤት ቤት እየዞረች ቀና ብላ ትቆጥራለች። ሬዲዮ እንደ ግማሽ አምፖል ነው። ካውያ እንደ እንግዳ ነው፤ በሳምንት አንዴ ከመጣ ምንም አይባልም፣ ካዘወተረ ይከፍላል። ለማሞቂያ ግን ሕግ አልወጣም። ስለዚህ ጣራ ክፈፍ ሥር ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ዘመን ያለ ስብሰባ የሚያልቅ ነገር አልነበረም፤ ዶሮ ጎረቤት ገብታ እህል ብትለቅም እንኳ አጀንዳ ተይዞላት፣ ሂስ ተሰንዝሮ፣ ግለ ሂስ ተደርጎ ነው የምትለቀቀው። እኔም ስለ ማሞቂያው ቆሜ ግለ ሂስ አደረግሁ።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። አንድ ማሞቂያ ስንት አምፖል ነው? እትዬ ብርቄ ቤቴ ገብታ ካየች በኋላ፣ የሚበራው ሁለት ነው፣ ነገር ግን የተቆጣ ስለሆነ በስድስት ይታሰብ አለች። ሌላው በስምንት አለ። «አንተ የተማርከው ተናገር እንጂ» ተባልኩ። ከኋላው የተጻፈውን አይቼ በልቤ አስልቼዋለሁ፤ ወደ ሃምሳ አምፖል ይሆናል። እውነት መናገር መልካም ነው፣ ጊዜ ሲመረጥለት ግን ይበልጥ ያምርበታል ብዬ ዝም አልኩ። በመጨረሻ እጅ ወጣና ማሞቂያው የራሱን ቆጣሪ ያስገባ ተብሎ ተወሰነ። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ። እኔም ከሁሉም አብልጬ አጨበጨብኩ።

ቆጣሪ የሚጠየቅበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ጸሐፊ ለምን አገልግሎት እንደምፈልገው ጠየቀኝ። ለመሞቅ አልኩት። መሞቅ የሚባል ታሪፍ የለም፣ ያለው መኖሪያ፣ ንግድና ዕደ ጥበብ ነው፣ ምረጥ አለኝ። እንዲያስረዳኝ ለመንኩት። የመኖሪያው መጀመሪያ ላይ ርካሽ ነው፣ ብዙ ባበራህ ቁጥር ግን ዋጋው ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የዕደ ጥበቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ይህን በሙያዬ ወዲያው ተረዳሁት። የመኖሪያው እንጦጦ ነው፣ የዕደ ጥበቡ ሜዳ ነው። ቀንና ሌሊት የሚነድ ማሞቂያ ይዤ እንጦጦን ብወጣ ወሩ ሳይጋመስ ጫፍ ደርሼ ደመወዜ ሥር ይቀራል። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

ያማከርኩት ጎረቤቴን ጋሽ አንጁሎን ነው። ጋሽ አንጁሎ ከጨንቻ የመጣ ሸማኔ ነው፤ እጁ የተባረከ፣ ቃሉ የታመነ። ስለ ኤሌክትሪክ ምንም አያውቅም፣ ይህ ግን ስለ ኤሌክትሪክ ከመናገር አግዶት አያውቅም።

«ዕደ ጥበብ በል» አለኝ ሳያመነታ። «የመኖሪያ መብራት ሰነፍ ነው፣ ሰው ሲተኛ አብሮ ይተኛል። የዕደ ጥበብ መብራት ሥራ የለመደ ነው።»

እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት ሰው፣ እውነቱን ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሲቸግር ጆሮ የማይሰማው የለም። በማግስቱ ጋሽ አንጁሎን ይዤ ሄድኩና ዕደ ጥበብ አልኩ። ጸሐፊው ማሞቂያው ለምን ሥራ እንደሚውል ሲጠይቅ ወደ ጣራው አየሁ። ጋሽ አንጁሎ ግን ከጎኔ ሆኖ፣ ለክር ማድረቂያ ነው አለ። ውሸትም አይደለም። ድሩ ከመሠራቱ በፊት እንዲጠነክር በገንፎ መሰል ነገር ይታሻል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ አልደርቅ ብሎ ሸማኔውን ሁሉ ያስለቅሳል። ጸሐፊው መልካም አለ። ቆጣሪው ይገባል፣ ከዚያ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሥራውን ያያል አለ። የቱን ሥራ አልኩት። «ሽመናውን» አለኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለእኔ ነው። ሚስቴን ላሞቅ ሄጄ ሸማኔ ሆኜ ተመለስኩ።

ሸማኔ መቀመጫው መሬት ነው፤ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አውርዶ ከታች ያለውን መርገጫ ይረግጣል። ስለዚህ ያለ ጉድጓድ ሽመና የለም። እኛ ደግሞ ያለን አንድ ክፍል ነው፤ ግማሹ በመጋረጃ ተከልሎ አራስ ተኝታበታለች፣ ግማሹ ሳሎን ይባላል። ዶማ ተውሼ ገባሁ። እማማ ጽጌ ከጋቢው ሥር ዶማውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ማንን ልትቀብር ነው?» አሉኝ።

ለታሪፉ ነው አልኳቸው። ወደ መጋረጃው ዞረው፣ ይሄ ሰውዬ ከመጀመሪያውም እንዲህ ነበር ወይ ብለው ልጃቸውን ጠየቁ። አልማዝ፣ አስተማሪ ነው እኮ እማዬ፣ ስትል ሰማኋት። እንደዚያ ብላ ስትከላከልልኝ አንጀቴን በላችው፤ ዶማውን አጥብቄ ያዝኩ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ይባላል። እኔ ግን አራቅሁት። ጋሽ አንጁሎ በቃህ እያለኝ፣ የጂኦግራፊ ሰው መሬት መቆፈር ከጀመረ ማቆም ያቅተዋልና፣ የአፈሩን መልክ እየመረመርኩ ወረድኩ። ቀና ስል ወለሉ ወገቤ ላይ ነው። ወርዱንም ሳሰፋው ለአንድ ሸማኔ መሆኑ ቀርቶ ለቤተሰብ የሚበቃ ሆነ። ጋሽ አንጁሎ አሮጌ የሽመና ዕቃውን አምጥቶ አጠገቡ ተከለልኝና ያስተምረኝ ጀመር። እግሬ ሲረግጥ እጄ ይረሳል፣ እጄ ሲወረውር እግሬ ይቆማል። ጋሽ አንጁሎ ታጋሽ ስለሆነ፣ አይዞህ፣ አያቴም ዓይነ ስውር ሆኖ ይሠራ ነበር አለኝ። ማበረታቻ መሆኑ ነው።

ቆጣሪው ገባ። ማሞቂያው በገዛ ራሱ መብራት ቀላ። ጋሽ አንጁሎም እርጥብ ድሩን ይዞ መጣ፤ ለታሪፉ ታማኝ መሆን አለብን አለ። እሱ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ሽሮ ሜዳ ክር ማድረቂያ ቤት ተከፈተ የሚል ወሬ ናኘና ሸማኔው ሁሉ ድሩን እየተሸከመ ይመጣ ጀመር። ክሩ ከግድግዳ ግድግዳ ተወጠረ። አራስ ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል፣ ሳይሳለም የሄደ አልነበረም። አንድ ቀን ጋሽ አንጁሎ የሕፃኗን የሽንት ጨርቅ ከድሩ ጋር አጣጥፎ ወስዶት ከሽሮ ሜዳ ገበያ ነው ያስመለስነው።

ሙቀቱን ሁሉ ክሩ ጠጣው። ይባስ ብሎ ከእርጥቡ ክር የሚነሣው እንፋሎት ወደ ቆርቆሮው ጣራ ይወጣል፣ እዚያ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል። ትነት፣ ደመና፣ ዝናብ። ስንት ዓመት በሥዕል ያስተማርኩት የውሃ ዑደት መጥቶ ራሴ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። ውጭ ክረምት፣ ቤት ውስጥ ሌላ ክረምት ሆነ። እማማ ጽጌ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ።

ነሐሴ ሲያልቅ እማማ ጽጌ የባቡሩን ቀን ማጠያየቅ ጀመሩ። አንድ ጠዋት ስነሣ አልማዝ የሕፃኗን ልብሶች እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እኔ መቅረት ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ግን ልጅቷ ሌሊቱን ስታስነጥስ ነው ያደረችው።»

ልቤ ተሰበረ፤ እንዲህ ስል አላፍርም። ተነሥቼ ክሩን ሁሉ አወረድኩ፣ ለየባለቤቱ መለስኩ። ሸማኔ ሁሉ ቢቀየመኝ ይቀየመኝ፣ ታሪፉም ገደል ይግባ አልኩ። ለተቆጣጣሪው ዓይን የቀረችው ጋሽ አንጁሎ የወጠረልኝ አንዲት ድር ብቻ ናት። ማሞቂያው ቀድሞ አንድ ጋቢ ስለለበለበብን፣ ምንም እንዳይወድቅበት ብዬ ጉድጓዱ ታች ከወዲያኛው ጫፍ አስቀመጥኩት፤ አፈር አይቃጠልምና። ከዚያ ለሕፃኗ መድኃኒት ልፈልግ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሰፈር ወረድኩ። በዝናብ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስዞር፣ የሚያስነጥሰው ልጅቷ ናት ብዬ ሳስረዳ ራሴ እያስነጠስኩ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ።

ደጃፌ ላይ የማላውቀው ጭቃ የበላው ጫማ ቆሟል። ገባሁ።

እማማ ጽጌ ሸማኔው ቦታ ላይ፣ ጉድጓዱ አፍ ተቀምጠዋል። እግራቸው ታች ነው። ጋቢውን ከጉልበታቸው ጀምሮ ጉድጓዱ ላይ እንደ ክዳን ዘርግተውታል። ሕፃኗ ጭናቸው ላይ ተኝታለች። በእጃቸው እንዝርት ይሽከረከራል። አልማዝ ከጎናቸው እግሯን አውርዳለች፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ሹራቦቿ አልጋው ላይ ናቸው። ፊት ለፊታቸው ደግሞ አንድ ኮት የለበሰ ሰው እግሩን እንደነሱ ጉድጓዱ ውስጥ አውርዶ ከድሬዳዋ የተላከልንን ማንጎ ይበላል። ተቆጣጣሪው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ከወጣሁ በኋላ እማማ ጽጌ የቀረችውን ድር ቢነኳት አንዷ ክር እጃቸው ላይ ተበጠሰች። ይሄ ክር ነው? ብለው ተናደዱ። እሳቸው በልጅነታቸው የፈተሉ ሴት ናቸው። ከሸማኔዎቹ አንዱ የረሳውን ባዘቶ ጥጥና እንዝርት አነሡና፣ ክር ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ ብለው ቁጭ አሉ። ከጉድጓዱ አፍ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ እግራቸው ወደ ታች ገባ። ከገባ በኋላ አልወጣም። አፈሩ ሙቀቱን ይዞ እንደ ዳቦ ምድጃ ግሎ ኖሯል። ልጃቸውን ጠሩ፣ የልጅ ልጃቸውን አስመጡ፣ ጋቢውን ከደኑ። ተቆጣጣሪው በዝናብ በስብሶ ሲገባ፣ ግባ ልጄ እግርህን አውርድ፣ በኋላ ትጠይቃለህ ብለውታል።

ሰውየው ሲያየኝ ማንጎውን አስቀመጠ። ሸማኔው እኔ መሆኔን ጠየቀኝ። አዎን አልኩ። ከዚያ፣ ማለቴ አልኩ። እስቲ ሥራ አለኝ። በሽመና ዕቃው ፊት ተጣጥፌ ተቀመጥኩና መወርወሪያውን ወረወርኩት። በጋቢው ክፈፍ ሾልኮ ጉድጓድ ገባና የተቆጣጣሪውን እግር መታው። የጋሽ አንጁሎ ድር ተራ በተራ ተበጣጠሰ። ቆጣሪው ሲነቀል፣ ባቡሩ ሲነሣ፣ ሁሉም በዓይኔ ታየኝ።

ተቆጣጣሪው እግሩን አሻሸ። ከዚያ ከእማማ ጽጌ እንዝርት ላይ ክሩን ይዞ ሳብ አደረገው። አልተበጠሰም።

«እኚህ እናት ግን ሥራ ላይ ናቸው» አለ። «ባለሙያዋ እሳቸው ናቸው ብዬ እጽፋለሁ። ታሪፉ የሚጸናው እሳቸው እዚህ ቤት እስከሠሩ ድረስ ነው። ከሄዱ ወደ መኖሪያ ይዞራል።»

ይህን ብሎ ወዲያው አልሄደም። ዝናቡ ካባራም በኋላ ሥራውን በደንብ ላረጋግጥ ብሎ ቆየ። ከዚያ ወዲህም ዝናብ በጣለ ቁጥር ለማረጋገጥ ይመጣ ነበር። ትጉህ ሰው ነበር።

ክርስትናው ደረሰ። ሕፃኗ ተጠመቀች፣ ድግሱ ተበላ፣ እንግዳ ተሸኘ። እማማ ጽጌ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ቀጥታ ወደ ጉድጓዳቸው ገብተው ነበር። ሻንጣው በሩ አጠገብ ነው። እኔ ሻንጣውን አያለሁ፣ አልማዝ እኔን ታያለች። በመጨረሻ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ ከሄድኩ መብራቱ ይጨምርባችኋል፣ አይደል?» አሉኝ።

ይጨምራል አልኳቸው። ከረጅም ትንፋሽ ጋር ጋቢውን እስከ ደረታቸው ሳቡት።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። «ለእናንተ ስል እቀመጣለኋ።»

መጋረጃው ጀርባ አልማዝ አፏን ይዛ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻንጣውን ከፍታ የሕፃኗን ልብሶች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። ልጄንና ሚስቴን ይወስዱብኛል ብዬ ስሰጋ አማቴን ጨምረው ሰጡኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው ደስ አለኝ፤ ከደስታዬ ስረጋጋ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ቦታ እንዳልቀረልኝ አየሁ። እማማ ጽጌ አሉ፣ አልማዝ ከነልጇ አለች፣ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አንጁሎ ፈትል ሊገዛ መጥቶ እግሩን ያወርዳል። እኔ ካፖርቴን ለብሼ ከላይ ሆኜ የተማሪ ደብተር አርማለሁ።

በጥቅምት፣ ብርዱ አጥንት ሲገባ፣ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ድሬዳዋ ከአዲስ አበባ ምን ያህል ዝቅ እንደምትል ጠየቀኝ። መጽሐፉ ከሺህ ሜትር በላይ ይላል፤ ለፈተና ያንን ጻፍ አልኩት። እኛ ቤት ያለችው ድሬዳዋ ግን ዝቅ የምትለው እስከ ወገብ ነው።